ሰባተኛው እርከን

የቤር ሼቫን አቧራ ከጫማዬ አራግፌ፣
ከአምስት ቁጥር አውቶቡስ ከመሪው አርፌ፣
ምድር ቤት ወረድኩኝ ኦሽሪትን ተከትዬ፤
«ጆሮህን ፈልገዋል» ስትለኝ ልጅዬ
«ምን አጠፋ ደግሞ? ይሰማል እኮ» ብዬ።

የሥጋ ማቀዝቀዣ ይመስላል በሩ።
ሲዘጋ ጸጥ አለ፤ ግቢው፣ መንገዱ፣ ሀገሩ።
ግድግዳው ስፖንጅ ነው፤ ድምፅ ሄዶ አይመለስ፤
ያኔ ነው የሰማሁት ደሜ ሲመላለስ፣
ምራቄ ሲወርድ፣ ጥርሴ ሲገጣጠም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ አንድም ቀን አልሰማሁም
ከደረቴ ውስጥ ሌላ ሞተር እንዳለ፤
ማን ነግሮኝ ያውቃል? ማንም ምንም አላለ።

መጀመሪያ ፉጨት፤ ቀጭን፣ እንደ ወባ ትንኝ፤
ራቀች፣ ቀረበች፣ ጠፋች ስል አገኘችኝ።
በሰማሁ ቁጥር ቁልፉን ተጫን ተብያለሁ፤
እኔ ግን ባዶውንም ሁለቴ ተጭኛለሁ።
ዶክተር ቲርጻ ሳቀች ከመስታወቱ ማዶ፤
«ሆን ብለን ነው የምንልከው አንዳንዴ ባዶ።
የሌለ መስማትህም ከሂሳቡ ይገባል።
ግራህ ግን ተጎድቷል፤ በላይኛው ቃና።»
«የሾፌሩ መስኮት ነው» አልኩ። «ንፋስ ይገባና...»

ከዚያ ቃሉ መጣ።
ድምፁ የማላውቀው ሰው ነው፣ ከአሽቀሎን ያስቀረጹት፤
«ለ»ን ብቻ ቆርጠው እንደ ማስቲካ የጎተቱት።
«አባቴ አለ» ይላል።
ሲላላ፣ ተናገረ። ሲጠብቅ፣ በሕይወት ይኖራል።
ቀኝ ቁልፍ ለላላው፣ ግራው ለጠበቀው፤
አሥራ ሦስት እርከን ነው፤ አንዱን ከአንዱ የሚለየው
አሥር ሚሊሰከንድ። «ዓይንህን ብታርገበግብ» አለችኝ፣
«ደረጃው በሙሉ ከሽፋሽፍትህ ሥር ያልቃል።»

ጆሮ ግን ደረጃ አያውቅም፤ ገደል ነው የሚያውቅ፤
ተናገረ፣ ተናገረ ሲል ይቆይና ይኖራል ላይ ይወድቅ።
ግማሽ የተናገረ፣ ግማሽ የኖረ ሰው
የሰማ ጆሮ የለም። ሰባተኛው ላይ ብቻ ነው
ሁሉም የሚንገዳገደው፣ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ የሚለው።

«እስቲ ልዩነቱን ጻፍልኝ» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ።
ጻፍኩላት፦
          አለ
          አለ
አገላበጠችው። «እነዚህ አንድ ናቸው።»
«አይደሉም» አልኳት። «ፊደሉ ነው የደበቃቸው።»

የኦሽሪት መስመር ተስሏል ከእኔ በላይ፤
እዚሁ ተወልዳ፤ ሜዳ ነው፣ ነጌቭን ይመስላል ሲታይ፤
የትኛው እንደሆነ በግምት ነው የነካችው።
ዝም ብላ አየችው። ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተችው።

የእኔ ገደል ነው። ቦታው ግን አልሆነም።
ሰባተኛው ሃያ ጊዜ መጣ፤ አንዴም አልተንገዳገድኩም፤
ሃያውንም ግራ። ስድስተኛው ግራ።
አምስተኛው እንኳ፣ ማንም የሚያውቀው ላላ፣
አብዛኛውን ግራ።
«ደክሞህ ይሆን?» አለች። «ግራኝ ነህ?» አይደለሁም።
«ዋና»ን አሰማችኝ፣ «ገና»ን አሰማችኝ፤ ከሰው አልተለየሁም፤
ገደሌ ከሌላው ገደል ጋር ተሰለፈ።
«አባቴ»ን መለሰች፤ አፋፉ ተንፏቆ አለፈ።

ሚያዝያ ውስጥ ነው የቀበርነው። ለእሷ አልነገርኳት።
ጠረጴዛዋ ላይ ከረሜላ ነበር፤ አንድ አነሳሁ፣ አመሰገንኳት።
«አጭበርብሬ አይደለም፤ የሰማሁትን ነው የተጫንኩት።»
«አውቃለሁ» አለች። «የቸገረኝ እሱ ነው።»

ስንመለስ፣ ራገር ጎዳና ላይ፣ ቀይ መብራት ይዞን፣
ኦሽሪት ከጎኔ ከንፈሯን እያላወሰች ትለማመዳለች፤
ምላሷን ከጥርሷ ጀርባ ትለጥፋለች፣ ትቆያለች፣ ትለቃለች።
«አያቴ አለ» ትላለች።
«አያቴ አለ። አባ፣ የትኛው ሆነልኝ?»
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ ነፉብኝ።
«ድገሚው» አልኳት።